በታክሲዬ ውስጥ ያገረሸው ጦርነት

ሲያትል ታክሲ በምነዳበት ጊዜ፣ ኮሎምቢያ ሲቲ ከሚባለው ሰፈር ወደ ሆስፒታል የሚሄዱ ሁለት ሽማግሌዎች፣ አንድ አሜሪካዊና አንድ ጃፓናዊ፣ ጫንኩ። ብዙም ሳንርቅ መጯጯህ ጀመሩ።

"የጀልባዋን ስም ያወጣነው እኛ ነን!" አሉ አሜሪካዊው።

"እኛ ደግሞ ማርከን ለወጥነው!" አሉ ጃፓናዊው።

ለካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት አንዲት የጦር ጀልባ ቻይና ወንዝ ላይ ተማርካ፣ ሁለቱም በየተራ አገልግለውባታል። ያ ሁሉ ጦርነት ታክሲዬ ውስጥ ሊያገረሽ ነው! ሶ፣ ፓርክ አድርጌ እንደ አገሬ ደንብ መሃል ገባሁ። "አባቶቼ፣ በማርያም፣ ይቅር ተባባሉ!" ብዬ በግድ አስተቃቀፍኳቸው። እንባዬ ሁሉ መጣ።

ጃፓናዊው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። "ልጄ፣ እኛማ ከታረቅን ቆየን። የልጅ ልጆቻችን ተጋብተው ዛሬ ሴት ልጅ ወለዱ። ጭቅጭቃችን ሕፃኗ በየትኛው የጀልባዋ ስም ትጠራ ነው። ይልቅ ቶሎ ንዳው፣ ሳንደርስ እናቷ ሌላ ስም ታወጣላታለች!"