ሐጂ ከድር የደበቁት ውሃ

ወገኖቼ፣ ጌታ ይባረክ! ሰው እዚህ ቆሞ ሲመሰክር እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ «የኔን የሰሙ ዕለት በሳቅ ይሞታሉ» እያልኩ ስንት ጊዜ አፍሬ ቀረሁ። ዛሬ ግን ባፍርም ባላፍርም ልናገር ብዬ ወጥቻለሁ። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ካልኩ ስለ ሽንት ሳላወራ አይሆንልኝም። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ግድ የለም! ደህና ሰው ሽንት ሲባል አፍንጫውን ይይዛል። የኩላሊት በሽተኛ ግን ጠብታዋን ሲያያት እልል ይላል። ስሙ ይባረክ!

አንተ ወንድሜ፣ ውሃውን ስላቀረብክልኝ ተባረክ። እዚያው ይቀመጥልኝ።

ለማታውቁኝ ጽጌ እባላለሁ። ሃያ ሁለት ሰፈር ፀጉር ቤት አለኝ፤ ከእህቶች መካከል ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ተቀምጣችሁ ወሬ ያቀበላችሁኝ አላችሁ፣ አሁን አቀርቅሩ። ጌታን ከማወቄ በፊት ምን ዓይነት ሰው ነበርሽ ብትሉኝ፣ ክፉ የምባል አልነበርኩም። እግዜርን የማውቀው እንደ ሩቅ ዘመድ ነበር። በዓል ሲመጣ ሰላምታ እልክለታለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አንገናኝም። ታናሽ እህቴ ሙሉ ግን አማኝ ናት። ሳሊተ ምሕረት አካባቢ ከባሏና ከሁለት ልጆቿ ጋር ነው የምትኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ፀጉሯን ልትሠራ ትመጣና፣ «እትዬ፣ መቼ ነው ጌታን የምትቀበይው?» ትለኛለች። እኔም ፎጣውን አንገቷ ላይ እያሰርኩ፣ «ፋታ ሳገኝ» እላታለሁ።

ፋታ እንዴት እንደሚመጣ አላውቅም ነበርና!

መጀመሪያ እግሬ አበጠ። ቀኑን ሙሉ ስለምቆም ነው አልኩ። ቀጥሎ ጠዋት ስነሳ ፊቴ ተነፍቶ ዓይኔ ይጠፋል። አንዷ ደንበኛዬ፣ «ጽጌ፣ ወፈርሽ፣ ተመችቶሻል!» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ። ኋላ ምግብ አልረጋልኝ አለ፣ ማበጠሪያ ማንሳት አቃተኝ። ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሙ የደሜን ውጤት አየና ዝም አለ። ወገኖቼ፣ ዝም የሚል ሐኪም ከገጠማችሁ ያን ጊዜ ጸልዩ።

«ወይዘሮ ጽጌ፣ ሁለቱም ኩላሊቶችዎ ደክመዋል። እዚህ ልናደርግልዎ የምንችለው ትንሽ ነው። ውጭ አገር ሄደው የሌላ ሰው ኩላሊት ካልተተከለልዎ አይሆንም» አለኝ።

«ኩላሊቱን የሚሰጠኝ ማን ነው?» አልኩት።

«ዘመድ» አለኝ።

እህቴ ሙሉ ይህን ስትሰማ አላለቀሰችም። «ጌታ ሁለት የሰጠኝ አንዱን ላንቺ እንዳቆይልሽ ነው» አለች። «ልጆችሽስ?» ብላት፣ «ልጆቼ አክስት ያስፈልጋቸዋል» ብላ ዘጋችኝ። ተመረመርን፣ የሷ ኩላሊት ለኔ ገጠመ። ዘመድ አዝማድ ተረባርቦ ሕንድ አገር፣ ማድራስ ላከን። ባሏ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘን። ሁለቱን ልጆች ግራና ቀኝ ይዞ አየኝ። ያ አስተያየት ማድራስ ድረስ አብሮኝ ሄደ።

ማድራስ ሙቀቱ እሳት ነው። እስክተከል ድረስ ደሜን በማሽን ያጥቡልኝ ነበር። ኩላሊት ካልሠራ ውሃ መውጫ የለውም፤ ስለዚህ አይሰጧችሁም። ለቀን አንዲት ትንሽ ብርጭቆ፣ እሷኑ ስታብቃቃ መዋል ነው። ሌላ ሰው በሕልሙ ዘመዱን ያያል፣ እኔ ቧንቧ ነበር የማየው። ግድግዳ ላይ የበቀለ ቧንቧ፣ ተከፍቶ የተረሳ ቧንቧ። ውሃ ጥም የማታውቁ ጌታን አመስግኑ!

ቀኑ ደረሰ፣ የሙሉን ኩላሊት ለእኔ ተከሉልኝ። አዲስ የተተከልነውን አንድ ክፍል ውስጥ በመጋረጃ እየለዩ ነበር የሚያስተኙን። በአንድ ጎኔ ሐጂ ከድር አሉ። ሐጂ የስልጤ ሰው ናቸው፣ ገርጂ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ። ኩላሊታቸውን የሰጣቸው ልጃቸው ነው፣ ከእኔ አንድ ቀን ቀድመው ነው የተተከሉት። ዱባይ ለንግድ ሲመላለሱ የለቀሟት እንግሊዝኛ ስላለቻቸው አስተርጓሚዬም እሳቸው ነበሩ። በሌላው ጎኔ አንዲት ሕንዳዊት አሮጊት አሉ። ስማቸው ለአፋችን ስለከበደን «አማ» እንላቸው ነበር፤ እዚያ እናት ማለት ነው።

ከሁላችንም አልጋ ጎን የሽንት ከረጢት ተንጠልጥሏል። ጠዋት ጠዋት ነርሷ ትመጣና የእያንዳንዱን ሰው ከረጢት አይታ ጮክ ብላ ትናገራለች፤ ያን ጊዜ ክፍሉ ያጨበጭባል። ሐጂ ጋ ስትደርስ ጭብጨባ! አማ ጋ ስትደርስ ጭብጨባ! እኔ ጋ ስትደርስ ጎንበስ ብላ ታያለች፣ ትራሴን ታስተካክላለች፣ ታልፋለች።

ዶክተሩ፣ «ኩላሊቷ ተኝታለች። ከአንዱ ገላ ወደ ሌላው ስትዛወር አንዳንዴ እንዲህ ትሆናለች። ትነቃ ይሆናል፣ ላትነቃም ትችላለች፣ እንጠብቅ» አለ። እስክትነቃ ውሃዬ ያው በትንሿ ብርጭቆ ቀረ። ሐጂ ሲተረጉሙልኝ፣ «ተኝታለች፣ ትነቃለች ይላል» ብለው አቆሙ። «ላትነቃም ትችላለች» ያለውን ውጠውት እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው።

አንድ ቀን እህቴ ሙሉ ጎኗን ይዛ፣ ጎበጥ ብላ ልትጠይቀኝ መጣች። አስቀድማ ያየችው ፊቴን አልነበረም፣ ከረጢቱን ነው። ባዶ። ቀና አለችና ፈገግ አለችልኝ። ወገኖቼ፣ ያ ፈገግታ ከቢላው ይበልጥ አመመኝ! የሁለት ልጆች እናት አስቀድጄ፣ አካሏን ወስጄ፣ እዚህ ሆዴ ውስጥ ለከንቱ ሊቀር ነው አልኩ። ስትወጣ ፊቴን ወደ ትራሱ አዙሬ አለቀስኩ።

ሐጂ ግን ኩላሊታቸው እንደ ክረምት ምንጭ እየፈለቀ ነው። ነርሷ በመጣች ቁጥር «ጠጣ፣ ጠጣ» እንደምትላቸው እሰማለሁ። ኩላሊቱ የነቃለት ሰው የሸናውን ያህል መጠጣት አለበት፣ ሕጉ ነው። አንድ ነገር ገረመኝ፤ ሰውዬው ጠጡ ይባላሉ እንጂ ሲጠጡ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ብርጭቆ የለ፣ ጉርጉርታ የለ። እኒህ ሽማግሌ ውሃውን የት ነው የሚያደርሱት?

አንዱን ዕለት እኩለ ቀን ላይ ማራገቢያው መጋረጃውን ገለበው። ምን ባይ ጥሩ ነው? ሐጂ ብርድ ልብሳቸውን እስከ ራሳቸው ተከናንበዋል፣ በዚያ ሙቀት! ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረዋል። ማሰሮ የሚያህል የውሃ መያዣ በፎጣ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አቅፈው፣ ድምፅ እንዳያሰሙ ትንሽ ትንሽ እየዋጡ ይጠጣሉ።

«ሐጂ! ምን እያደረጉ ነው?» አልኳቸው።

ስኳር ሲሰርቅ እንደተያዘ ልጅ ደነገጡ። ከጢማቸው ላይ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል፤ «ምንም ልጄ፣ ምንም! ላብ ነው» አሉኝ።

«ላብ በፎጣ ተጠቅልሎ ይያዛል እንዴ?»

ጢማቸውን በፎጣው ጠረጉና፣ «አየሽ ልጄ፣ ጎረቤት ተርቦ እሱ ጠግቦ ማደር በኛ ዘንድ ነውር ነው። አንቺ ከንፈርሽ ተሰነጣጥቆ እያየሁ ፊትሽ ልጎነጭ? አልሐምዱሊላህ፣ አላህ ለኔ ሰጠኝ፣ ላንቺ እስኪሰጥ ደስታዬን ትንሽ ልሸፍነው ብዬ ነው» አሉኝ።

ዞር ብዬ አማን አየሁ። አማም የብረት ኩባያቸውን ከአልጋው ስር እየገፉ ነው! ነርሷም መስኮቱ ላይ ትቀመጥ የነበረችውን የውሃ ገንቦ ካነሳቻት ሰንብታለች፣ እኔ ልብ አላልኩም። ለካ ክፍሉ በሙሉ ተማክሮብኛል! ሐጂና አማ አንድ ቃል እንኳ አይግባቡም፤ በእጅ ተነጋግረው ነው ያሴሩት። ጌታ ሆይ፣ ስምህ ይባረክ!

ያን ጊዜ ነው የተሰበርኩት። እኒህ ሰው ዘመዴ አይደሉም፣ ሃይማኖታችንም ለየብቻ ነው። ስለኔ ብለው በብርድ ልብስ ስር በላብ የሚጠመቁ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ልብ የፈጠረው እሱ ራሱ እንዴት አድርጎ ያዝንልኝ ይሆን? እግዜርን ሩቅ ዘመድ ነው እለው ነበር፤ ለካ ከመጋረጃው ማዶ ነበር።

እህቴ ሙሉ ከሰዓት ስትመጣ ሁሉንም ነገርኳት። አለቀሰችና፣ «እትዬ፣ ጌታም እኮ መስቀል ላይ ሳለ ተጠምቶ ያውቃል። ውሃ ጥምሽ ለሱ እንግዳው አይደለም» አለችኝ። ይህን ነገር በስንቱ ቅዳሜ ብትነግረኝ ኖሮ የካስኩን ንፋስ ከፍ አድርጌ ድምፅዋን አጠፋው ነበር። ያን ዕለት ግን አጥንቴ ውስጥ ገባ። የተጠማ አምላክ! ከንፈሬን የሚያውቅ አምላክ!

«ሙሉዬ፣ ያንቺን ጌታ ልቀበል» አልኳት።

ከረጢቱን አየች፣ እኔን አየች። «አሁን? ሽንቱ ሳይመጣ?»

«ከመጣ በኋላማ የውለታ መክፈያ ይመስልብኛል።»

በሳቅ ፈነዳች፣ ከዚያ ጎኗን ጥብቅ አድርጋ ያዘች፤ «ኧረ አታስቂኝ እትዬ፣ ስፌቴ!» እኔም ስስቅ የኔው ስፌት። እንዲያ ሁለታችንም ጎናችንን ይዘን፣ በሕመምና በሳቅ መካከል ነው ጌታን የተቀበልኩት። ጸሎቴ አጭር ነበር፤ «ጌታ ሆይ፣ ኩላሊቷን ብትቀሰቅሳት ደስ ይለኛል። ባትቀሰቅሳትም ያንተ ነኝ» አልኩት። ልብ በሉልኝ ወገኖቼ፣ ያመንኩት ከረጢቱ ባዶ ሳለ ነው። ክብር ለጌታ ይሁን!

ለሐጂም፣ «ከእንግዲህ መጋረጃውን ይክፈቱትና ፊት ለፊቴ ይጠጡ። እኔ ባልጠጣም የሚጠጣ ሰው ልይ» አልኳቸው። እሺ ላለማለት ብዙ ተከራከሩኝ። በመጨረሻ ብርድ ልብሱን ጥለው፣ «ቢስሚላህ፣ ላንቺም ጭምር» ብለው ጠጡ። ጉሮሯቸው ሲወርድ ሲወጣ እያየሁ፣ እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የኔም ጉሮሮ የረጠበ መሰለኝ።

ነርሷ በማግስቱ እንደ ልማዷ ጎንበስ አለች። ትራሴን አላስተካከለችም። ቀና አላለችም። ከዚያ ጮኸች! ምን እንዳለች እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ግን አያስፈልገኝም። በቱቦው ውስጥ አንዲት ቢጫ ጠብታ ትወርዳለች፤ ሌላ ትከተላታለች፤ ሌላ። ሐጂ «አላሁ አክበር!» አሉ። አማ የብረት ኩባያቸውን በማንኪያ ይደበድቡት ጀመር። ሙሉን ሄደው ጠሯት፤ ከረጢቱን አይታ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ «ሃሌ ሉያ» እንኳ ማለት አቃታት። የሰው ልጅ በሽንት ሲያለቅስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አልቅሰናል! ዶክተሩ መጣና እየሳቀ፣ «ነቃች! በይ አሁን ጠጪ» አለኝ። ያቺን የመጀመሪያ ሙሉ ብርጭቆ ሐጂ ከራሳቸው መያዣ ቀድተው ላኩልኝ። ቀዝቃዛም አልነበረች። እንዲህ ያለ ነገር ግን ቀምሼ አላውቅም።

አገራችን ከገባን ወዲህ ሐጂ ወንድሜም አባቴም ሆነዋል። መድኃኒት በሰዓቱ መዋጥ አለብን፣ ሰዓት አይዛነፍም። ሐጂ ፀጉር ቤቴ ይደውሉና ደህና ዋልሽ እንኳ ሳይሉ «ዋጥሽ?» ይላሉ። «ዋጥኩ። እርስዎስ?» «ኧረ ረስቼው!» ይሉና ጆሮዬ ላይ ይዘጉታል። አንዲት እህት፣ «ጌታ ከፈወሰሽ ኪኒን ምን ያደርጋል?» ብላኛለች። እህቴ፣ የሙሉ ኩላሊት ገላዬ ውስጥ እንግዳ ናት። ኪኒኗ ባለቤቱ እንግዳዋን እንዳያባርር ታስታርቃለች፣ ማስታረቅ ደግሞ የጌታ ሥራ ነው። ስትስሙኝ የምሸሻችሁም ለዚሁ ነው፤ ኪኒኗ በሽታ የሚከላከለውን ጉልበቴን ታደክመዋለች፣ የምሸሸው ጉንፋናችሁን ነው እንጂ እናንተንስ እወዳችኋለሁ።

ለሐጂ መስክረሽላቸዋል ወይ የምትሉኝ አላችሁ። እኔ እነግራቸዋለሁ፣ ይሰማሉ። እሳቸው ይነግሩኛል፣ እሰማለሁ። ከዚያ ኪኒናችን ይደርሳል።

አሁን ልጨርስ። ይህን ሁሉ ስለፈልፍ ጉሮሮዬ ደርቋል፤ ወንድሜ ያቀረበልኝን ውሃ ለምን እንዳልነካሁት ያስተዋለ ይኖር ይሆናል። ከመካከላችን ዛሬ ውሃ በስኒ የሚለካለት ሰው ተቀምጧል። ስሙን አልጠራም። እኔ የሄድኩበት ሊሄድ ዘመዶቹ እየተሯሯጡለት ነው። ወንድሜ፣ ከንፈርህን ከዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ። ጌታ የሚጠብቅህ ከረጢቱ እስኪሞላ አይደለም፤ በባዶው ና፣ ከመጋረጃው ማዶ ያለው እሱ ነው። ሌሎቻችሁም ሽንታችሁ ሞልቶ ልባችሁ የደረቀ፣ እናንተም ኑ!

ሐጂ ውጭ መኪናቸው ውስጥ ይጠብቁኛል፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ይዘዋል። እኔ እዚያ ሄጄ እጠጣለሁ። ይህቺ ብርጭቆ ግን አትነሳ፤ አንተ የተጠማኸው ደህና ሆነህ ስትመለስ፣ እዚሁ ፊታችን ቆመህ የምትጠጣት ያንተ ናት።