ቡርጊና ቀጥ ብሎ የሚሳበው ጠመንጃ

የቡርጊን የቀኝ እጅ አንጓ የሰባበረው የዱር አሳማ ነው። ጥይት በልቶ እሾህ ውስጥ ተጋድሞ ነበር። ሞቷል ብላ ስትጠጋው ብድግ ብሎ መጣባት፤ ጣላትና እጇን ነክሶ እንደ እርጥብ ጨርቅ አራገፈው። እሷም በግራ እጇ ቢላዋዋን መዛ፣ ጉሮሮው ሥር ከትታ፣ እስኪበርድ ድረስ አልነቀለችውም። ሐኪሞቹ አጥንቷን በብረትና በብሎን ገጣጠሙላት። ከዚያ ወዲህ እጇ ሥጋ ይቆርጣል፣ የቢራ ብርጭቆ ያነሣል፣ ሰው ያስቀየማት እንደሆነም ይማታል። አንድ ነገር ግን እምቢ አለ። የአባቷ አሮጌ ጠመንጃ ሲቀባበል እጀታው መጀመሪያ ወደ ላይ ይነሣል፣ ከዚያ ይሳባል፣ ይገፋል፣ ተመልሶም ወደ ታች ይታጠፋል። ያቺ ወደ ላይ መነሣት አንጓዋን በሚስማር እንደመውጋት ትሆንባታለች።

የእኛ መንደር ሽታይንሮይት ከደኑና ከድንች እርሻው በቀር ብዙ ነገር የለውም። ቡርጊ ያለችው ሥጋ ቤት ውስጥ ነው፤ ከአባቷ የወረሰችው ነው። ጧት አሳማ ታርዳለች፣ ከሰዓት ቋሊማ ትሞላለች። አደን ሲሆን ደግሞ ሌላ ሥራ አላት። ሰው አውሬ አቁስሎ ሲለቅ፣ አስታ የምትባል ቀይ ውሻዋን አስከትላ የደሙን ዱካ ይዛ ትገባና ትጨርሰዋለች። ማንም የማይመኘው ሥራ ነው። የቆሰለ የዱር አሳማ አይሸሽም፤ ተኝቶ ይጠብቃል።

«እኔ የሰው ስሕተት ጠራጊ ነኝ፤ ልዩነቱ መጥረጊያዬ ይተኩሳል» ትላለች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወንድሟ ቬንደል ረጅም ሣጥን በትከሻው ይዞ ሥጋ ቤቱ ገባ። ቬንደል የእንጨት መሰንጠቂያ ሠራተኛ ነው፤ ግዙፍ፣ ወሬኛ፣ እህቱን ከማናደድ ሌላ ጨዋታ የማያውቅ። ሣጥኑን ሥጋ መከትከቻው ላይ አስቀምጦ ከፈተው።

«ይኼ ምንድን ነው? ጠመንጃ ነው ወይስ የጥርስ ሐኪም ዕቃ?» አለችው።

«እጅሽን ታጠቢና ያዢው። አሁን እጀታውን ወደ ኋላ ሳቢ። ኧረ ወደ ላይ አታንሺ አንቺ ሴትዮ! ዝም ብለሽ ሳቢ!»

ሳበች። እጀታው በቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ ቀጥ ብሎ ወደ ኋላ መጣ። ገፋችው፤ ጠቅ ብሎ ተዘጋ። አንጓዋን አየችው፤ አላመማትም።

«አለቀ?»

«አለቀ። ማንሣት የለ፣ ማጠፍ የለ።»

«እንዲህማ ከሆነ ባልቴትም ትተኩሰዋለች።»

«ታዲያ ለማን ያመጣሁት መሰለሽ!»

ደም በነካው ጨርቅ ፊቱን ቸብ አደረገችው። ደስ ሲላት እንደዚያ ነች።

ጠመንጃውን መልመድ ግን እንደ መሳቡ ቀላል አልነበረም። ከበስተኋላው ያለውን መግፊያ በአውራ ጣት ወደፊት ካልገፉት ቃታውን ቢስቡት አይተኩስም፤ አሮጌው ጠመንጃ እንዲህ ያለ አመል አልነበረውም። ሰደፉ ላይ ለጉንጭ የሚነሣና የሚወርድ ትራስ አለ። አፈሙዙ ላይ የሚጠመዘዝ ድምፅ ማፈኛ፣ ከሥሩ ተዘርግቶ የሚቆም ባለ ሁለት እግር መደገፊያ፣ በላዩ ላይ የሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ከባድ መነጽር፣ ጉጥ ሲጫኑት ወዲያው የሚላቀቅ ሰፊ ማንገቻ አለው። ይኼ ሁሉ ተሰክቶበት ሲሸከሙት ጥጃ የማዘል ያህል ይከብዳል።

ቬንደል ከመንደሩ በላይ ወዳለው የተተወ የድንጋይ ካባ ይዟት ይወጣና ማዶ ብረት ሰቅሎ ያስተኩሳታል። የመጀመሪያው ጥይት ሁልጊዜ ብረቱን ያንጫርረው ነበር። ችግሩ ሁለተኛው ላይ ነው። ከተኮሰች በኋላ እጇ ሳታዘው ወደ ላይ ይሄዳል። ዕድሜዋን ሙሉ የለመደው እሱን ነዋ። ቬንደል ቀጭን የአኻያ ዘንግ ቆርጦ አጠገቧ ይንበረከክና እጇ በተነሣ ቁጥር ጣቶቿን ሸንቆጥ ያደርጋታል።

«ደግመህ ብትመታኝ ይኼን ዘንግ አስውጥሃለሁ!»

«ደግመሽ ብታነሺ አሳማው አንቺን ይውጥሻል።»

ቅጠል በሚረግፍበት ወራት እጇ ታርሞ ነበር። መጠጥ ቤት ግን አልማሩአትም። «ቡርጊ፣ ከዚህ ሆነሽ ቪየና ያለውን አሳማ ልትመቺ ነው?» ይሏታል። «አሳማው ከፊቴ ተቀምጦ ቢራ እየጠጣ ለምን ቪየና እሄዳለሁ?» ትላቸዋለች።

በኅዳር ትልቁ አደን መጣ። እኔ ከአባራሪዎቹ አንዱ ነበርኩ፤ በየዓመቱ ዱላ ይዤ እየጮኽኩ እሾህ ውስጥ የምገባ ነኝ። በረዶ ሌሊት ጥሎ መሬቱ ነጭ ሆኗል። ተኳሾቹ በየማማቸው ቆመዋል። እኔ ከሸለቆው ስወጣ፣ ኤቫልት የሚባለው ከብት አርቢ ከቆመበት ማማ ተኩስ ሰማሁ፤ ተከትሎም ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚመስል ድምፅ። ጥይት አጥንት ሲመታ እንደዚያ ነው የሚጮኸው። አንድ ጥቁር ትልቅ አሳማ አንገቱን ወደ ጎን ጥሎ መንገዱን ተሻግሮ እሾሁ ውስጥ ሲገባ በዓይኔ አየሁት።

አደኑ ሲያበቃ ኤቫልት፣ «ስቼዋለሁ፤ ርቆብኝ ነበር» አለ።

እኔ የሰማሁትን ለቡርጊ ነገርኳት። አስታን በረጅም ጠፍር ይዛ አሳማው ወደነበረበት ሄደች። ውሻይቱ በረዶውን አሽትታ ቆመች። ቡርጊ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር አነሣችና ወደ ኤቫልት ተመልሳ መዳፏን ዘረጋች። ሥሩ ላይ ሥጋ የተንጠለጠለበት የተሰበረ ጥርስ ነው።

«ይኼ ያንተ ጥርስ ነው፣ ኤቫልት?»

ኤቫልት ቀላ።

«መንጋጋውን ነው የሰበርክለት። ከዚያ ወዲህ አፉ ተንጠልጥሎ ይሠቃያል። አንተ እዚህ ቆመህ ሾርባ ትጠጣለህ።»

«እኔ... አላየሁም ነበር» አለ።

«አይተሃል» አለችውና ጀርባዋን ሰጠችው። መጥፎ የተኮሰ ሰው በሚቀጥለው ዓመት ማማ አይሰጠውም፤ ለዚህ ነበር የዋሸው።

መንገድ ዳር መደገፊያውንና ድምፅ ማፈኛውን ፈታ ለእኔ ሰጠችኝ። የመነጽሩን ቀለበት አዙራ ወደ ቅርብ ማያው መለሰችው። አብሮን ለአደን የወጣው ቬንደል የአሳማ መውጊያ ጦሩን ይዞ፣ «እኔም እገባለሁ» አለ። «ወፍራም ነህ፣ እሾሁን ትሰብርብኛለህ» አለችው። ያም ሆኖ ተከተላት። እኔ መንገዱ ላይ ቀረሁ፤ የእሾሁ ጥቅጥቅ ከዚያ ይጀምራል። የሆነውን ከፊሉን ሰማሁት፤ የቀረውን ኋላ ሁለቱም ነግረውኛል።

አስታ ደሙን ይዛ ሆዷን መሬት አስነክታ ገባች፤ ቡርጊ በጉልበቷ እየዳኸች ተከተለች። ደሙ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ ተቀብቷል። አሳማው ጎንበስ ያለ ጥድ ሥር ተኝቶ ነበር። ውሻይቱ አንዴ ጮኸች። ሁለተኛ ለመጮኽ ጊዜ አላገኘችም፤ የታችኛው መንጋጋው ቢንጠለጠልም የላይኛው ክራንቻው ደህና ነበርና ሆዷን ከዳር እዳር ዘለዘለው። ጩኸቷ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማኝ፤ የሰው ልጅ ጩኸት ነው የሚመስለው።

ቡርጊ ተኮሰች። ጥይቱ ትከሻውን መታው፤ ጉልበቱ ላይ ወድቆ ተነሣ። ቬንደል ጦሩን ቀስሮ በእህቱና በአሳማው መካከል ገባ። ያኔ ነው እጇ የከዳት። በዘንግ የተገረፈው ሁሉ፣ በካባው ያለፈው ወራት ሁሉ ጠፋ፤ እጇ እጀታውን ወደ ላይ ሰቀለው። እጀታው ደግሞ አይነሣም። አንጓዋ ውስጥ ብረቱ ቆረጣት፤ ሁለተኛም ወደ ላይ አነሣች። በዚያች ቅጽበት የጦሩ እንጨት ቀው ብሎ ተሰበረ፣ አሳማው ቬንደልን አግድም መትቶ ጣለውና ጭኑን ከፈተው።

«ሳቢ!» ብሎ ጮኸ ቬንደል፤ «ሳቢ እንጂ አንቺ ደደብ!»

ሳበች። ገፋች። አሳማው ግን አሁን ወንድሟ ላይ ነው ያለው፤ ከላይ ብትተኩስ ጥይቱ በሱም ያልፋል። ጠመንጃውን እንደያዘች ደም በተነከረው በረዶ ላይ በጎኗ ተጋደመች፣ አፈሙዙን ከአሳማው ጆሮ ሥር አስነክታ፣ ሽቅብ ወደ ሰማይ ተኮሰች። ፊቷ ላይ የአንጎል ፍንጣሪ ተረጨባት። ያ ሁሉ ክብደት ቬንደል ላይ ዘፍ አለ።

እኔ ሁለተኛውን ተኩስ እንደሰማሁ እሾሁን እየቀደድኩ ገባሁ። ስደርስ አሳማውን በትከሻዋ እየገፋች ነበር። አብረን ገለበጥነው። ከቬንደል ጭን ደሙ በልብ ምቱ ልክ ፊን ፊን ይላል። ቡርጊ የማንገቻውን ጉጥ ተጭና ነቀለችው፣ ከቁስሉ በላይ አሰረችውና የተሰበረውን የጦር እንጨት አስገብታ ጠመዘዘችው። ቬንደል እንደ በሬ አጓራ።

«ደግ፣ ጩኽ። እየጮህክ ከሆነ አልሞትክም» አለችው።

«አስታስ?» አለ ቬንደል።

ውሻይቱ ከአጠገባችን በራሷ አንጀት ላይ ተኝታ ዓይኗን ወደ ቡርጊ አድርጋ ታየናለች። ቡርጊ ጥምዛዡን እንድይዝ አሳየችኝ፣ ቢላዋዋን መዘዘች፣ አንገቷን አቅፋ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አንሾካሾከችና ገላገለቻት። ከዚያ ተመልሳ ጥምዛዡን ከእጄ ተቀበለችኝ። በስልክ የጠራነው የሕክምና ሄሊኮፕተር እስኪመጣ አላለቀሰችም።

የዕለቱ ግዳይ አሳማዎች በመጠጥ ቤቱ ግቢ በተነጠፈ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ በተርታ ተደርድረው ነበር። ትልቁን ጎትተን ስናመጣ የቬንደል ሚስት ገርሊንደ ከመጠጥ ቤቱ ወጥቤት እየሮጠች ደረሰች። ቡርጊ ከእግር እስከ ራሷ ደም ነች።

«የማን ደም ነው?» አለች ገርሊንደ።

«የሁሉም። ቬንደል በሕይወት አለ። ወስደውታል።»

ኤቫልት ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ጠጋ አለ። «ገርሊንደ፣ እኔ አላሰብኩም ነበር...» ከማለቱ የድንች መውቀጫው እጇ ላይ ነበርና አፉ ላይ አሳረፈችበት። ከንፈሩ ተሰነጠቀ። ደገመችው፤ አፍንጫው ተሰበረ። እጁን አላነሣባትም። ሦስተኛውን ልትሰነዝር ስትል የያዛት ቡርጊ ነች።

«ተይው። ይበቃዋል።»

«ምን ይበቃዋል! ዛሬ ባል አልባ ሊያደርገኝ ነበር!»

«ተይው አልኩሽ። በአንድ ቀን የሁለት ሰው ደም አላቆምም።»

ኤቫልት ደሙን እየተፋ ሄደ። በነጋታው የአደን ፈቃዱን ለአዳኞች ማኅበር ሰብሳቢ መለሰ ተባለ። ከዚያ በኋላ መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላምታ እንለዋወጣለን፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለም።

ቡርጊን የበላት የኤቫልት ውሸት ሳይሆን የራሷ እጅ ነበር። ሆስፒታል ስትጠይቀው ለቬንደል፣ «ሁለቴ ወደ ላይ አነሣሁት። ባላነሣው ኖሮ አይደርስብህም ነበር» አለችው። እሱም፣ «እኔም ወፍራም ባልሆን ኖሮ እሾሁ ይዞ አያስቀረኝም ነበር። ይልቅ ሲጋራ አለሽ?» አላት። ገርሊንደ ያ የተረገመ ጠመንጃ ከቤተ ሰቡ ይውጣ ብላ ነበር። ቡርጊ እምቢ አለች። መነጽሩን አውርዳ ቀለል ያለ ትንሽ መነጽር አስገባችበት፣ መደገፊያውንና ድምፅ ማፈኛውን ሣጥን ውስጥ ቆለፈችባቸው። ከዚያ ክረምቱን በሙሉ ማታ ማታ ሥጋ ቤቱን እየዘጋች ባዶውን ጠመንጃ ትስበዋለች፤ ቆማ፣ ተንበርክካ፣ ሆን ብላ በሩጫ ትንፋሿ እስኪቆራረጥ ካደረገች በኋላም። ከመንገድ ሲሰማ ቋሊማ መሙያው የሚሠራ ይመስል ነበር።

በየካቲት መኪና የገጨው አሳማ እንድትፈልግ ጠሯት። ገና ያላደገ ቡችላ ይዛ ሄደች። አሳማው ከጉድጓድ ወጥቶ ሲመጣባት ሦስት ጊዜ ተኩሳ ከእግሯ ሥር ጣለችው። ተኩሱ የተያያዘ ነበር፤ አንድ ሰው የተኮሰው አይመስልም። ስትመለስ ቀልሃዎቹን በኪሷ ይዛ፣ ገብታ እጇን ስትታጠብ አየኋት። ደስ ብሏት አልነበረም። ታጥባ ከጨረሰች በኋላ ቡችላውን ጭኗ ላይ አድርጋ ለአስታ አለቀሰች።

ቬንደል በበልጉ በሁለት ምርኩዝ ቆመ። ጭኑ ውስጥ የእጅ መዳፍ የሚያህል ሥጋ የለም፤ ዛፍ መሰንጠቅ ቀርቶ ደረጃ መውጣት ያቅተዋል። መጀመሪያ ከቤት የወጣ ዕለት የሄደው ሥጋ ቤቱ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ላቡን ጠረገ።

«ጉበት አለ?»

«ለአንካሳ አልሸጥም።»

«ለወንድምሽስ?»

«ለወንድሜ ደግሞ በነፃ ነው፤ ያም አያዋጣኝም።»

ወንበር ሳበችለት። ጉበቱን ከሽንኩርት ጋር ጠበሰችለትና ከጎኑ ተቀምጣ ሲበላ አየችው፤ እሱም እያላመጠ ስለ አበሳሰሏ መጥፎነት ሲናገር፣ «ዝም ብለህ ብላ እንጂ» እያለች ሁለተኛውን ቁራጭ መጥበሻው ላይ ጣለች።