ስልከኛው ይቆያል

ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ስብሰባ ሲጠራ፣ የልደት ኬክ ሲቆረስ፣ አዲስ ኃላፊ ሲመጣ፣ ሠራተኛው ሁሉ ደረጃውን ተንጋግቶ ሲወርድ አንድ ሰው ብቻ ይቀራል። «ስልከኛው ይቆያል» ይባላል፤ አለቀ። ዓይነ ስውር ነው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ በኮሪደሩ ጫፍ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ የሚደውለውን ሁሉ በዚያ ማር በመሰለ ድምፁ እየተቀበለ ወደየቢሮው ያስተላልፋል። ስልኩ ፋታ ሲሰጠው ያንጎራጉራል። ዜማው በበሩ ስንጥቅ ሾልኮ ኮሪደሩን ሲሞላው የጽዳት ክፍል ኃላፊዋ ብዕሯን አስቀምጣ በሐሳብ ጭልጥ ትላለች። ሥራ በጀመረች ሰሞን፣ ሁሉ ነገር ግራ ገብቷት ሳለ፣ በስልክ «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ይለመዳል» ያላት እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ «ጋሼ» ትለዋለች። እሱም የተረከዟን ኳኳታ ከሩቅ ለይቶ «መጣች ደግሞ፣ ወለሉን ልታፈርሰው!» ይላታል።

ለኃላፊዎች የአደጋ ጊዜ ዝግጁነት ሥልጠና ሲሰጥ፣ የሁለተኛውን ፎቅ ሰው የማስወጣቱ ሥራ የተሰጠው ለእሷ ነበር። አሠልጣኙ ጡረታ የወጣ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ነው፤ ስንት ዓመት የዋጠው ጭስ ድምፁን አሻክሮታል። ብርቱካናማ ሰደርያ አልብሷት፣

«እያንዳንዱን በር ከፍተሽ ታያለሽ። የመጨረሻዋ ወጪ አንቺ ነሽ። ከኋላሽ ሰው ከቀረ አንቺም አልወጣሽም» አላት።

እሺ አለች። ከልቧ ነበር እሺ ያለችው።

የልምምዱ ደወል ሲያምባርቅ በሮቹን እየበረገደች፣ «ውጡ! ቦርሳችሁን ተዉት! ውጡ!» እያለች ሮጠች። ኮሪደሩ ጫፍ ደረሰች። የስልከኛውን በር አየችው። እግሯ እዚያ በር ላይ ቆሞ ማውራት እንጂ ከዚያ ክፍል ሰው ይዞ መውጣት አልለመደም። «ስልከኛው ይቆያል» የሚለው የዓመታት ልማድ የአንድ ጠዋት ሥልጠናን አሸነፈና፣ ዞር ብላ ደረጃውን ወረደች።

ግቢው ውስጥ አሠልጣኙ «ሁለተኛ ፎቅ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ሁሉም ወጥቷል!» አለች ደረቷን ነፍታ።

«ጎበዝ! እስቲ እናረጋግጥ።» ሞባይሉን አውጥቶ የማዘጋጃ ቤቱን ቁጥር ደወለና ለሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። «ባዶ ሕንጻ ስልክ አያነሳም።»

ተነሳ።

«ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ምን ልታዘዝ?»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ስልከኛው ተጠበሰ!» አለ የማዘጋጃ ቤቱ ሹፌር ሆዱን ይዞ።

«ጌታዬ፣ ሕንጻው እኮ እየተቃጠለ ነው» አለ አሠልጣኙ።

«ደወሉን ሰምቻለሁ» አለ ያ የማር ድምፅ፣ ተረጋግቶ። «ኮቴዋም እስከ ክፍሌ በር መጥቶ ነበር። ትመለሳለች ብዬ እየጠበቅኳት ነው።»

ሳቁ ከየአፉ ረገፈ።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ኮቱን ለብሶ፣ ዘንጉን ጨብጦ ቆሞ አገኘችው።

«ጋሼ…» አለች።

«አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ልምምድ አይደል?»

ምነው በሰደበኝ! አለች በሆዷ። ስድብ ቢሆን ያልቅ ነበር። ያ አይዞሽ ግን ቤቷ ድረስ ተከተላት፤ ከትራሷ ሥር ገብቶ አብሯት አደረ። በማግስቱ ባለ ተረከዙን ጫማ ትታ ጠፍጣፋ ተጫማች። በበሩ ስታልፍ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ እንደ ድመት ሹልክ ትላለች። እሱ ዜማውን ያቋርጥና ጆሮውን ይጥላል። እሷም እርምጃዋን ታፈጥናለች።

ልምምዱ ሊደገም ሲል አሠልጣኙ ሠራተኛውን ስልከኛው ክፍል በር ላይ ሰብስቦ፣ «ማን እንዲያወጣዎት ይፈልጋሉ? እርስዎ ይምረጡ» አለው።

«እኔ አለሁ!» አለ ሹፌሩ። «በጫንቃዬ ነው የማወርድዎት!»

«አንተማ መኪናህንም ረስተህ ትሄዳለህ» አለ ስልከኛው፤ ሰው ሳቀ። እሷ ከሁሉም ኋላ፣ ግድግዳው ላይ ተለጥፋ ቆማለች። ስሟን ካልጠራ፣ ያ ድሮ የነበራቸው ነገር ማለቁ እንደሆነ ታውቀዋለች። ቢጠራስ በምን ዓይኗ ልታየው?

«ያቺ ወለል አፍራሿ የለችም?»

«አለሁ… አለሁ ጋሼ።»

«እሷ ትሁን።»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። «እናንተ ገና ትረሱኛላችሁ» አለ ስልከኛው። «እሷ ግን ረስታኝ ጨርሳለች። ብቻ ያንን ጫማሽን መልሺው፤ መምጣትሽን የማውቀው በእሱ ነው።»

በድጋሚው ልምምድ ቀን ደወሉ ሲጮህ፣ ተረከዟ ኮሪደሩን እያናጋው መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። እጁን ትከሻዋ ላይ አኖረ። እጁ የወፍ ያህል ቀላል ነበር፤ ትከሻዋ ግን ሕንጻው የተጫነው ያህል ከበደው። ጥቂት እንደተራመዱ ከኋላቸው ስልኩ ጮኸ። ጣቶቹ ትከሻዋ ላይ ሲደነግጡ ተሰማት፤ እግሩም ገታ አለ።

«ይጩህ፣ ጋሼ» አለች።

ጥቂት አዳመጠ። «ይጩህ» አለ፤ ደረጃውንም አብረው ወረዱ።