ደመወዝ፦ «በስምምነት»

ዛሬ ደሴ ላይ ከሥራ ቃለ መጠይቅ መሀል ተነስቼ ወጣሁ።

ማስታወቂያው «የኔትወርክ መሐንዲስ፣ ደመወዝ በስምምነት» ይላል። ጠያቂው ሰውዬ «ስንት ትጠብቂያለሽ?» አለኝ። የምፈልገውን ጠራሁ።

ሳቀ! «እህቴ፣ ለሐይቅ ልጅ ይሄ በዛ። የኛ የደመወዝ ስኬል ተቆርጦ ያለቀ ነው።»

«ታዲያ ስምምነቱ ከማን ጋር ነው?» አልኩት።

«አንቺ ብቻ ፈርሚ፤ እድገቱ ቀስ ብሎ ይመጣል።»

ይሄን እድገት አውቀዋለሁ። ከጦርነቱ በኋላ ውጫሌ ያለው መሥሪያ ቤታችን ኬብሉ ተነቅሎ፣ ሰርቨሩ ተወስዶ ባዶውን ሲጠብቀን፣ ኔትወርኩን እንደ አዲስ የዘረጋሁት እኔ ነኝ። ያኔም «ቀስ ብሎ ይመጣል» ተብዬ ነበር። እስካሁን አልደረሰም። ምናልባት በእግሩ ግሸን እየወጣ ይሆናል።

ሐይቅ ገበያ በርበሬ ለምትነግደው እናቴ ደውዬ ነገርኳት። ትቆጣለች ብዬ ፈርቼ ነበር።

«ወላሂ ደግ አደረግሽ! እኔ እንኳ በዋጋ ሳልስማማ በርበሬ አልሰፍርም» አለችኝ።

እናንተስ? «በስምምነት» ተብላችሁ ሄዳችሁ፣ ማንም ሳይጠይቃችሁ ተስማምታችሁ የተመለሳችሁ ስንት ናችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ አልተስማማሁም።