እጄን ሳልታጠብ የበላሁት ራት

ስኪፖል አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ፓስፖርቴን ያየው ፖሊስ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። በእጁ ብቻ «ተከተዪኝ» አለኝ። በአገሬ «ፀረ ሰላም» ተብዬ ታስሬ ነበር፤ አምልጬ ስመጣ እዚህም በር ተቆለፈብኝ። ክፍሉ ነጭ ነው፣ ሳሙናው ሎሚ ሎሚ ይሸታል። ንጽሕናው ራሱ አስፈራኝ።

አማርኛ የሚናገሩ ሁለት ሴቶች ቀድመውኝ ገብተዋል። አንዷ ቭላርዲንገን ከተማ ወደምትኖር ልጃቸው ሲሄዱ የተያዙ፣ አዲስ አበባ ያደጉ ኤርትራዊት እናት ናቸው። ሌላዋ ገና ወጣት ናት፤ በማግስቱ ለጥገኝነት ቃሏን ትሰጣለች። ካላመኗት ይመልሷታል።

«ምን ልትያቸው ነው?» አሏት እናትየው።

«ሴት እንደማፈቅር። አባቴ ራሱ ለፖሊስ አሳልፎ እንደሰጠኝ።»

«ሰዶማዊት ነኝ በያ!»

«በዚያ ስም አይጥሩኝ፣ እማማ። እያሳደዱን ነው። ይኼ ለእኛ ቀይ ሽብር ነው።»

እናትየው ከአልጋቸው ተነሡ። «የወንድሜን ሬሳ ደጃችን ላይ ጥለውት ሄደዋል። እንዳናለቅስ ከልክለውናል። አንቺ በአውሮፕላን መጥተሽ፣ በሙቅ ውኃ እየታጠብሽ፣ ቀይ ሽብር ትያለሽ?» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ የልጅ እናት ነሽ፤ ፍረጂ!»

ፈራሁ። እኔም ገና አልተጠየቅኩም፤ ልጄ እህቴ ጋ ቀርታለች።

«ቀይ ሽብርስ አይደለም» አልኩ። ልጅቷ ፊቷን አዞረች። «ግን እማማ፣ እኔንም መጀመሪያ ስም ነው የሰጡኝ። ዱላው ከስሙ በኋላ መጣ።»

«አሁን ደግሞ አንቺ ልታወዳድሪ ነው?»

ልጅቷ ፀጉሯን በጣቷ ልትከፋፍል ትሞክራለች፤ መስመሩ ይጣመምባታል። ነገ ሰው ፊት ትቀርባለች። ከኋላዋ ተቀምጬ ሹሩባ ሠራኋት።

ራት ሲመጣ እናትየው ምግባቸውን ከእኔ አራቁ። «ያንን ራስ ነክተሽ ከእኔ ጋር አትበዪም። ታጠቢ!»

ቧንቧው አጠገቤ ነበር። አልተነሣሁም። ዳቦዬን በዚያው እጄ ቆርሼ ግማሹን ለልጅቷ ሰጠኋት።

በማግስቱ ወሰዷት፤ ወደ ክፍላችን አልተመለሰችም። አመኗት አላመኗት ዛሬም አላውቅም።

አሁን የምኖረው ሮተርዳም ነው፤ ልጄም መጥታለች። በቀደም ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ «እማዬ፣ ክፍል ውስጥ ሴት ስለሚያፈቅሩ ሴቶች ተጣላን። አንዱ የሚጠሏቸውን ‹ሂትለር› ይላል፣ ሌላው እነሱን ‹ሰዶም›። አንቺ ከማን ጋር ነሽ?» አለችኝ።

ቤተ ክርስቲያን የተማርኩት አልጠፋኝም። ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ደግሞ ክርክሩን የት አውቀዋለሁ?

«ምሳ ላይ ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ነበር?» አልኳት።

ቦርሳዋን እያወረደች፣ «አንዷን ትተናታል» አለች።

«ነገ አጠገቧ ብዪ።»

አኮረፈችኝ። ጠዋት ግን ምሳዋን ለሁለት ሰው ቋጠርኩላት።