የቀዩ ጽጌረዳ ደንበኛ

ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው። ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል ባለችው ጓሮዬ ቀይና ነጭ ጽጌረዳ እኩል ተክዬ፣ የትኛው ብዙ እንደሚያብብልኝ አስተያይ ነበር። ነጩ በየቀኑ ቅርጫት ይሞላል። ቀዩ ግን ሽታው ሰፈሩን ቢያውደውም፣ አበባው ከእፍኝ አያልፍም። ስለዚህ ቀዩን ልነቅለው ወሰንኩ።

በዚያው ሰሞን ዘነበች የምትባል የቤት ሠራተኛ መጥታ ቀዩን ብቻ መርጣ ገዛች። በማግስቱም ተመለሰች።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ለአሠሪዬ። ሽታውን በጣም ይወዱታል።»

«ብቻቸውን ናቸው?»

«ብቻቸውን። ከሩቅ አገር ነው የመጡት። አበባውን ሲያዩ ፊታቸው ይበራል።»

መንቀሉን ተውኩት። ቀዩን ውኃ ባጠጣሁ ቁጥር፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ የምትጠብቀኝ ሴት ትታየኝ ጀመር። ጭራሽ ከነጩ ላይ ነቅዬ በቦታው ቀይ ጨመርኩ። ጎረቤቶቼ «ለየለት!» አሉ። እኔ ግን አይቻት የማላውቃትን ሴት ወራት ሙሉ ስናፍቅ ከረምኩ።

አንድ ቀን ዘነበች ታመመችና ቀረች። የታጠበ ኩታዬን ደርቤ፣ ቤቱን ጠያይቄ፣ አበባውን ራሴ ይዤ ሄድኩ። ልቤ እየመታ በሩን አንኳኳሁ።

ሽርጥ የታጠቁ፣ ጺማቸው የነጣ አርመን ሽማግሌ ከፈቱልኝ። ከኋላቸው በትልቅ ድስት ውስጥ ጽጌረዳዬ በስኳር ይንተከተካል።

«ባለ አበባው አንተ ነህ?» ብለው በማንኪያ አጎረሱኝ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ቅመስ እስቲ፣ ልጄ! አገሬ ሳለሁ እናቴ ይህንን ነበር የምታበላኝ።»