የባየሽ ላፕቶፕና የግቢው ዋየርለስ

ባየሽ ጌዶ ከተማ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። አስተማሪ መሆኗን የማያውቅ ሰው እንኳ ገበያ መሃል ሲያያት «ይቺ ሴትዮ ቲቸር መሆን አለባት» ይላል፤ ጎመን ስትገዛ ሳይቀር ባለጎመኗን እስሩን አስተካክላ ታስደረድራታለችና። የተዝረከረከ ነገር አይሆንላትም። ተማሪዎቿ «ዓረፍተ ነገሩን እስከ መጨረሻው አንብብ!» የሚለውን ጩኸቷን ከትምህርት ቤቱ ደወል እኩል ያውቁታል።

እንግዲህ ይህች ሴት ናት በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ፣ አምቦ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ ግቢ ውስጥ፣ አሮጌ ላፕቶፕ እንደ ሕፃን ታቅፋ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት የሰነበተችው።

ዲግሪዋን የምትማረው በክረምት ነው። ዓመቱን ሙሉ ስታስተምር ትከርምና፣ ሌላው መምህር አረፍ ሲል እሷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ አምቦ ትወርዳለች። አምና «ይሄ የመጨረሻዬ ነው» ብላ ለልጇ ለለንሳ ምላላት ነበር። ምን ዋጋ አለው! አንድ ኮርስ ተንጠልጥሎ ቀረና ዘንድሮም መሄድ ግድ ሆነ። ለንሳ ገና የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ዘንድሮ እናቷ ስትሰናበታት አላለቀሰችም። «ለከርሞም ትሄጃለሽ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ባየሽን ያንገበገባት ይሄ ነው። ልቅሶውንስ ለምዳዋለች፤ በልጇ ዘንድ ውሸታም መሆንን ግን በምን አንጀቷ ትቻለው?

ኮርሱን ጨርሳ አሁን የቀራት የመመረቂያ ጽሑፏን ማስገባት ብቻ ነበር። ጽሑፉ ተጠናቋል፤ ተስተካክሎ፣ ተነብቦ፣ ሁሉ ነገር አልቋል። ችግሩ ጽሑፉ ያለው ላፕቶፑ ሆድ ውስጥ መሆኑ ነው። ኮሌጁ ደግሞ ዘንድሮ አዲስ ነገር አመጣ። ጽሑፍ የሚቀበለው በግቢው ዋየርለስ በኩል፣ እያንዳንዱ ተማሪ በተሰጠው ስምና የሚስጥር ቁጥር ሲገባ ብቻ ነው። የመጨረሻው ቀን ዓርብ፣ እስከ እኩለ ቀን። ከዚያ የዘገየ ለከርሞ ይመጣል ተባለ። ለከርሞ!

ላፕቶፑን ጌዶ የነበረ አንድ የርዳታ ድርጅት ቢሮውን ሲዘጋ ነው ያገኘችው። የወፍጮ መጅ ያህል ይከብዳል። ባትሪው ከሞተ ስለቆየ ከሶኬት ሲነቀል ድርግም ይላል። የፍላሽ መሰኪያዎቹ ሁለቱም አይሠሩም፤ የሲዲው በር ከተጣበቀ ዓመት አልፎታል። የኮሌጁን የኢንተርኔት ገመድ ደግሞ ሐምሌ ላይ መብረቅ አቃጥሎታል። ስለዚህ ያ ጽሑፍ ከዚያ ማሽን የሚወጣበት ሌላ መንገድ አልነበረም፤ ያለው ዋየርለሱ ብቻ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ባለሙያ ወደ ቶሌራ ሄደች። ቶሌራ በቅርቡ የተመረቀ ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። ይቀመጡ እንኳ ሳይላት ማሽኑን ሶኬት ላይ ሰካው። እሷ ቀኑንና ሰዓቱን አስተካከለችና ወደ እሱ አዞረችለት። ስሟን ጻፈ፣ የሚስጥር ቁጥሯን አስገባ፣ ጠበቀ። አንዲት ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለች። ቶሌራ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ጠቅ አድርጎ አጠፋት። ደገመ። ያቺው ጽሑፍ መጣች፤ አሁንም አጠፋት።

«ቲቸር፣ ማሽኑ አርጅቷል» አላት። «አዲሱን ሴኩሪቲ አይችለውም።»

«ስሙን ያየዋል እኮ! ይኸው የኮሌጁ ስም ተጽፏል!»

«ያየዋል፤ አይገባም።»

«የሚያየው ቤት እንዴት አይገባም?»

«እንግዲህ ሌላ ማሽን ይፈልጉ» አለና የስክሪኑን ጥግ አየት አደረገ። «ውይ፣ ሦስት ተኩል ሆኗል እንዴ? የሻይ ሰዓቴ ደረሰ።» ወጥቶ ሄደ።

ሌላ ማሽን! የሌላ ሰው ማሽን ላይ ምን ልትከፍት ነው? ጽሑፉ እዚህ ነው ያለው ብላ ለማን ታስረዳ? ደግሞ «አርጅቷል» ባሉ ቁጥር እሷን የሚሰድቧት ይመስላት ነበር። ክፍሏ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ በዕድሜ ታናናሾቿ ናቸው፤ ስልካቸውን አውጥተው በዋየርለሱ ሽው ሲሉበት እሷ በሩ ላይ እንደቀረች እንግዳ ቆማ ታያቸዋለች። ተናደደች። በንዴት ምሳ ሳትበላ ዋለች።

ሐሙስም ያው ነው። ጠዋት መብራት ጠፋ። መብራቱ ሲመጣ ቶሌራ ስብሰባ ገባ። ከስብሰባ ሲወጣ ዝናቡ ወረደና ባየሽ ላፕቶፑን በነጠላዋና በፌስታል ጠቅልላ፣ ራሷ ግን በስብሳ ደረሰች። እንደገና ሶኬት፣ እንደገና ስም፣ እንደገና ያቺ ትንሽ ጽሑፍ፣ እንደገና ጠቅ። «ነገርኩዎት እኮ ቲቸር» አላት ቶሌራ፣ አሁንስ እሱም ተሰላችቶ።

ማታ ዶርም ውስጥ አልጋዋ ላይ ዘጭ አለች። የክፍል ጓደኛዋ ጌጤነሽ የእጃጂ መምህርት ናት፤ ጽሑፏን ማክሰኞ አስገብታ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች።

«አንቺ ጴንጤ ሆነሽ ነው እንጂ ጠበል አስነክሪው ነበር የምልሽ» አለቻት።

«ጌጤ፣ ዛሬ አትቀልጂብኝ። ዛሬ ሰው እመታለሁ።»

«ማሽኑን ምቺው ባይሆን!» ብላ ጌጤነሽ ብቻዋን ሳቀች። ባየሽ ግን ብርድ ልብሱን እስከ ግንባሯ ሳበች።

ዓርብ ማልዳ ቶሌራ ቢሮ ደጃፍ ደረሰች። ተቆልፏል። ኮሪደሩ ላይ ጥበቃው ስልኩን ቻርጅ የሚያደርግበት ሶኬት ነበር፤ ለመነችውና ነቀለላት። ላፕቶፑን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ እሷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከፈተች፣ ቀኑን አስተካከለች፣ ስሟን ጻፈች። ያቺ ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አለች። የሚያጠፋት ቶሌራ የለም። ባየሽ ለመጀመሪያ ጊዜ እስከ መጨረሻው አነበበቻት። እንግሊዝኛው ቀላል ነው፤ የመስመሩ ሰርተፍኬት የሚሠራበት ጊዜ ገና አልደረሰም ይላል።

ገና አልደረሰም? አርጅቷል ሲሉኝ አልነበር እንዴ! እንደገና አነበበችው። እውነትም ገና አልደረሰም ነው የሚለው።

ቶሌራ አረፋፍዶ መጣ። እኩለ ቀን ሊሆን ብዙ አልቀረም። ሰላምታም ሳትሰጠው «ሰርተፍኬት የሚሉት ምንድን ነው?» ብላ ያዘችው።

«መታወቂያ በሉት ቲቸር። መስመሩ ለማሽኑ መታወቂያውን ያሳየዋል። ማሽኑ አይቶ ካመነ ይገባል።»

«መቼ የወጣ መታወቂያ ነው?»

«አምና ነዋ። በሁለት ሺህ አሥራ ሁለት።»

«በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ።»

ባየሽ ወደ ስክሪኑ ጥግ ዞረች። ላፕቶፑ ከሶኬት በተነቀለ ቁጥር ቀኑን ይረሳል። እሷ ደግሞ የተሳሳተ ቀን እያየች መሥራት ስለማትችል፣ ሁልጊዜ ሌላ ነገር ሳትነካ በፊት ቀኑን ትሞላለች። ዓመቱን ሁለት ሺህ አምስት፣ ሰዓቱንም እኛ እንደምንቆጥረው። ጌዶ ላይ ማንም ሰው ቀን የሚቆጥረው እንደዚሁ ነው። ማሽኑ ግን የፈረንጅ ነው፤ ከሰባት ዓመት በኋላ የሚወጣ መታወቂያ ሲያሳዩት «ይሄ ገና አልወጣም» ብሎ መለሰ። ምን ያድርግ?

ቶሌራም ገባው። አፉን በእጁ ያዘ፣ ከዚያ ሳቁ አመለጠው።

«ምን ያስገለፍጥሃል?» ብላ ጮኸችበት፤ ጥበቃው ብድግ አለ። «አንተስ አላየኸውም? ከዚሁ ላይ አይደል እንዴ ሰዓት አንብበህ ሻይህን ልትጠጣ የሄድከው? ትክክል መስሎህ ነው ያነበብከው! ሁለት ቀን ሙሉ አርጅቷል እያልክ ያንከራተትከኝ!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ቲቸር…»

«ይቅርታህን ኋላ ታመጣዋለህ፤ አሁን ቀኑን ቀይርልኝ!»

ቀየረው። ስሟን ጻፈች፣ የሚስጥር ቁጥሯን አስገባች። ያቺ ትንሽ ጽሑፍ ብቅ አላለችም። ገባ! እንደዚሁ በቀላሉ ገባ። ባየሽ ደስ እንዲላት ጠብቃ ነበር፤ የመጣባት ግን ማልቀስ ነው። ሁለት ቀን! ለዚች ለዚች ሁለት ቀን!

ጽሑፉን መላክ ጀመረች። መስመሩ ቀርፋፋ ነው፤ ሰማያዊዋ ምልክት እየተንፏቀቀች ትሄዳለች። መሃል ላይ የኮሪደሩ አምፖል ብልጭ ድርግም አለ። ባትሪ የሌለው ማሽን! «ጌታዬ፣ አደራህን!» ብላ ሽቦውን በሁለት እጇ ጨበጠችው፣ መብራቱን ይዛ የምታቆየው ይመስል። መብራቱ አልጠፋም። «ጽሑፍዎ ደርሶናል» የሚል ቃል ወጣ። ያን ጊዜ እኩለ ቀን ሊሞላ የቀረው አንድ ሲኒ ቡና የማይጠጣበት ጊዜ ነበር።

ቶሌራን ሳታመሰግነው ወጣችና ጌዶ ደወለች። ባሏ ቶኩማ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነው፤ ሲበዛ ታጋሽ፣ ትዕግሥቱ ራሱ የሚያናድድ ሰው። ስልኩን ሲያነሳ እሷ «ቶኩማ…» ብላ ማልቀስ ጀመረች።

«አይዞሽ ባዬ» አላት ወዲያው። «ጌታ ያውቃል። ግዴለም፣ ለከርሞ…»

«ለከርሞ አትበለኝ!» ብላ አምባረቀችበት፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አያት። «ገብቷል! ልኬዋለሁ! ሰው ሳይጨርስ ምን ያጣድፍሃል?»

ከዚያ ቶኩማ ስልኩን ከአፉ አርቆ ሲጣራ ተሰማት፦ «ለንሳ! ሀቲ ኬ ጡሙርቴ! እናትሽ ጨረሰች!»

የልጅ ኮቴ ሰማች። ለንሳ ስልኩን ተቀበለች። ባየሽ በመዳፏ ዓይኗን ጠረገች።

«ለንሳዬ፣ ዛሬ እመጣለሁ።»

«ለከርሞስ?»

«ለከርሞ አልሄድም።»

«አምናም እንዲህ ብለሽ ነበር» አለች ለንሳ።

«ብዬ ነበር» አለች ባየሽ። ላፕቶፑን ብብቷ ውስጥ አስገብታ ወደ መናኸሪያው ስትሮጥ ስልኩን ገና ከጆሮዋ አላነሳችውም ነበር።